«በሙያቸው የቤት እመቤት ነበሩ»

የእናማይ ልጅ (ማክሰኞ ማታ)

አያቴ ያረፈችው ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ የጤፍ አጨዳው ተጋምሶ ሳለ ነው። በቀብሯ ዕለት የሕይወት ታሪኳን ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ወደ ቢቸና ስንጓዝ አውቶብስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ የጻፍኩት አንድ ገጽ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች፣ ስምንት ወልዳ ሦስቱን እንደቀበረች፣ የቀሩት ምን ምን እንደሆኑ ዘረዘርኩ፤ አንዱ መምህር፣ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዷ አሜሪካ። ስለ ራሷ የጻፍኩት ግን አንድ መስመር ነው፦ «በሙያቸው የቤት እመቤት ነበሩ።»

ወረቀቱን አጥፌ ወደ ቦታዬ ስመለስ የመንደሩ አልቃሽ ተነሡ። ፊደል ያልቆጠሩ አሮጊት ናቸው። ነጠላቸውን አደግድገው እንዲህ አሉ፦

ዶሮ ከእሷ ነው የለመደው በሌሊት መንቃቱን፣
ዛሬ ማን ይንገራት እሱ ብቻውን መቅረቱን።

ለቅሶው የፈነዳው ያን ጊዜ ነው። የእኔ ወረቀት ሲነበብ ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ በትዕግሥት ነበር የሰማኝ። አፈርኩ።

አሁን ሙት ዓመቷ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። አጎቶቼ አንድ ገጽ አሳትመን ለዘመድ እንድናድል ተስማምተዋል፤ ጸሐፊዋ አሁንም እኔ ነኝ። የማውቀውን ላስቀምጥና እናንተ አርሙኝ።

የተወለደችበትን ዓመት የመዘገበ የለም። «ጃንሆይ ዘውድ ሲጭኑ ጡት አልጣልኩም ነበር» ትል ነበር። ዘውዱ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነውና 1921 ብዬ ይዣለሁ። ጣሊያንን ታስታውሳለች። እናቷ ሌሊት ለአርበኞች ስንቅ ስትፈጭ እሷ ከጎን ተቀምጣ እህሉን በእፍኟ ታቀብል ነበር። አገሩ የበላይ ዘለቀ አገር ነው፤ ዱቄቱ ወዴት እንደሚሄድ ልጅ እንኳን አይጠይቅም። ጣሊያን በወጣ በዓመቱ፣ በ13 ዓመቷ ተዳረች።

በልጅነቴ ክረምቱን የማሳልፈው እሷ ዘንድ ነበር። በየትኛውም ሰዓት ብነቃ እሷ ተነሥታ ቆይታለች። ጎታውን በጣቷ ጉልበት አንኳኩታ፣ ድምፁን ሰምታ፣ «ሰባት ቁና ቀርቶታል» ትላለች። አንድ ቀን አጎቴ ሊፈትናት ሰፈረው፤ ሰባት ቁና ከእፍኝ ሆነ። «እፍኙን አይጥ ትብላው ብዬ ነው» አለችው።

አንድ የማላውቀው ነገር አለ። በቤተሰባችን በሹክሹክታ የሚወራ ወሬ ነው፦ በ1960 ዓ.ም. ክረምት ወንዱ አያቴ ጫካ በገባ ጊዜ እርፍ ጨብጣ አርሳለች ይባላል። ይኼን ልጻፈው?


ዋልካ (ማክሰኞ ሌሊት)

ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልሽ፣ ልጄ። እኔ የደጀን ሰው ነኝ። በግብርና ሠራተኛነት ጎጃምን ሠላሳ ዓመት በእግሬ ዞሬዋለሁ። በየቤቱ ቅጽ እንሞላ ነበር። «አራሽ» በሚለው ሳጥን የአባወራው ስም ይገባል፤ ሴትዮዋ ከሕፃናቱ ጋር «ጥገኛ» በሚለው ውስጥ ትደመራለች። ያን ቅጽ ስሞላ የኖርኩት እኔ ስለሆንኩ በአንቺ ወረቀት ልፈርድ አልችልም።

እስቲ ስለ ጤፍ ብቻ ልንገርሽ። ወንዱ ደጋግሞ ያርሳል፣ ይዘራል፤ ይኼ ሲወደስ ይኖራል። ነሐሴ ላይ በዚያ ጭቃ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ አጎንብሶ የሚያርመው ማን ነው? ሴትና ልጅ ናቸው። ጤፍና አንዳንዱ ሣር ለጋ ሳሉ አይለዩም። ያልለመደ ሰው ጤፉን ነቅሎ አረሙን ይተዋል። እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ መጀመሪያ በተመደብኩበት ቀበሌ ይኼንኑ አድርጌ አንዲት እናት እጄን በመዳፋቸው መትተውኛል። ከዚያ አጨዳ፣ ከዚያ ለወቂዎቹ እንጀራና ጠላ ማድረስ። ያቺ ጠላ ደግሞ ብቅል ማብቀል፣ ጌሾ መውቀጥ፣ አሻሮ መቁላት፣ መጠንሰስ ያለባት ናት። በብዙ ቦታ ሴት ውድማ አትረግጥም ስለሚባል፣ እናቶች ይኼን ሁሉ ተሸክመው አምጥተው የደከሙበትን እህል ከዳር ቆመው ነው የሚያዩት።

እርሻውን ግን ሳታጣሪ አትጻፊው። ዘመኑ ልክ ነው። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ጎጃሜ «መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ሞጣና ቢቸና ዋናዎቹ ነበሩ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላን መጣ። በኋላ አገረ ገዢው ተነሡ፣ ግብሩም ቀረ። ስለዚህ አያትሽ ጫካ ገብተዋል ቢባል አምናለሁ። ሴት አረሰች ሲባል ግን የምጠይቀው አለኝ። ቀንበሩን ማን አነሣው? ማረሻውን ማን ሳለው? በሬዎቹስ እሺ አሉ? በሬ የለመደውን ሰው ነው የሚያውቀው።


ቀጥተኛው (ረቡዕ ጠዋት)

ይቅር በይኝ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ እፈራለሁ። እኛ የከተማ የልጅ ልጆች ስለ አያቶቻችን ስንጽፍ ወፍጮው ዘፈን፣ እንስራው ጌጥ ይሆንብናል። የእኔ አያት ትከሻዋ ላይ የእንስራ ገመድ የቆፈረው ጠባሳ ነበራት፤ ስታጥበኝ በጣቴ እገባበት ነበር። የናፍጣ ወፍጮ ሲተከል ከቤቷ የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር። እህሏን በአህያ ጭና ሄደች፤ ዱቄቷን ይዛ በተመለሰች ዕለት የቤቱን ወፍጮ ከነመደቡ አፈረሰችው። ድንጋዩን የበረቱ በር ላይ አነጠፈችውና «በይ አሁን ከብት ይርገጥሽ» አለችው። እስክትሞት ከብት ረገጠው።

በ13 ዓመቷ መዳሯንም እንዳትሸፍኚው። «በወግ በማዕረግ ጋብቻቸውን ፈጽመው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስንት ልጅ ቀብሯል።


የደብር አገልጋይ (ረቡዕ ቀትር)

ሙት ዓመት ጸሎት ነው እንጂ ችሎት አይደለም። ወንዱ አያትም ሟች ናቸው፤ ልጆቻቸው ተሰብስበው በሚበሉበት ዳስ ውስጥ የማይመልሱት ክስ ባይነበብባቸው ይሻላል። የዘመኑን ሚዛንም እናስብ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ እንኳን ለሴት ልጅ 15 ዓመትን ፈቅዷል። 18 የሆነው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው።


ቀጥተኛው (ረቡዕ ቀትር)

ሕጉ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም አባቴ። ልጅቷ ምን እንዳለች ነው የጠየቅኩት።


የእናማይ ልጅ (ረቡዕ ማታ)

ልጅቷ ያለችውን አውቃለሁ፤ እሷው ነግራኛለች። በቅሎ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ስትነቃ ሰው ቤት ነበረች። ያን ሌሊት ያደረችው ስለ ባሏ ስታስብ አልነበረም። እሷ የምትጠብቃት አንዲት ጥጃ ነበረች፤ «ማን አሰረልኝ ይሆን፣ ጡት ጠብታ አድራ ይሆን እያልኩ ነጋ» አለችኝ። በሳምንቱ ለምልስ ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ መጀመሪያ የገባችው በረት ነው።

እንደዚሁ፣ በራሷ አፍ፣ እጽፈዋለሁ። ማንንም አልከስም። ጥጃዋን ግን አላስቀራትም።


ከሬሆቮት (ረቡዕ ሌሊት)

እኔ ተወልጄ ያደግኩት እስራኤል ነው፤ አማርኛዬ የአያቴ ነውና ስህተቴን ቻሉኝ። አያቴ የወገራ ሰው ነበረች፣ ቤተ እስራኤል። የሰው መሬት ላይ ያርሱ ነበር፤ ከምርቱ ለባለ ርስቱ ከፍለው የቀረውን ይበላሉ። እሷ በበጋ ሸክላ ትሠራለች። ምጣድ፣ ጋን፣ ጀበና ለገበያ ታወጣለች። የገዟት ሰዎች ቀን ምጣዷን ወስደው ማታ በቡዳነት ያሟታል። በምጣዷ ግን ይጋግሩበታል።

በ1977 በሱዳን በኩል በእግራቸው ወጡ። መንገድ ላይ ሁለት ልጆች ቀብራለች። እስራኤል ስትደርስ አንድ ወረቀት ላይ ሙያ የሚል ጥያቄ ነበር፤ አስተርጓሚው ጠየቃት። «ማረም፣ ማጨድ፣ መፍጨት፣ ምጣድ መሥራት፣ መፍተል…» ብላ ስትቆጥር ጸሐፊዋ እጇን አንሥታ አስቆመቻትና አንድ ቃል ጻፈች። ዓመታት ካለፉ በኋላ ወረቀቱን እኔ አነበብኩት። «ሙያ፦ የላትም» ይላል።

አራተኛ ፎቅ ላይ ሰገነቷን በዘይት ቆርቆሮ ሞልታ ጎመንና ጤና አዳም አበቀለች። ቆርቆሮዎቹን ታርም ነበር። አረም በሌለበት።


መንዜው (ሐሙስ ጠዋት)

የእኔ አያት ስትሄድም ትፈትል ነበር። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ማኅበር፣ እንዝርቷ አብሯት ነው። እኛ ዘንድ ብርዱ ጥጥ አይበግረውም፤ የበግ ጠጉር ነው የሚፈተለው፣ ሸማኔው ባና ይሠራዋል። አንድ ባና አሁንም ቤቴ አለ። ከባድ ነው፣ ይቧጭራል፣ እንግዳ ሁሉ ይሸሸዋል። እኔ በእሱ ነው የምተኛው።


ፓዌ ሰባ ሰባት (ሐሙስ ማታ)

አያቴ ከወሎ ወደ ፓዌ የመጣችው በድርቁ ጊዜ በ1977 ዓ.ም. ሰፈራ ነው። ከነበራት ሁሉ ይዛ የወጣችው የወፍጮዋን መጅ ነው። ታችኛው ድንጋይ አይነሣም፣ ቀረ። የሚያጓጉዙት ሰዎች «ድንጋይ ተሸክመሽ ወዴት?» ብለው ሳቁባት። ፓዌ ሲደርሱ እርሻው በትራክተር ሆነ። ወባው ደግሞ የደጋ ሰው ገላ የማያውቀው ነበር። እርሻ የትራክተሩ፣ እህሉ በራሽን። እናቴ እንደምትለው አያቴ በሕይወቷ ሥራ የፈታችው ያኔ ብቻ ነው፤ በጣምም የታመመችው ያኔ ነው። በሦስተኛው ዓመት ከወንዝ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አግኝታ አስመጣች። መጁ አልገጠመውም። ሁለት ክረምት ሙሉ እርስ በርስ ስታፋጫቸው ገጠሙ።

ስለዚህ ቀጥተኛው ያልከውን አከብራለሁ። ያንተ አያት ወፍጮዋን ለከብት ሰጠች፤ የእኔዋ ፈልጋ አገኘች። ሁለቱም የሚያውቁትን ያውቃሉ።


ከጅዳ (ዓርብ)

አነበብኳችሁ። አያቴ ስትቀበር ኮንትራቴ አላለቀም ነበር፤ በስልክ ነው ያለቀስኩት። የላከችልኝ ድርቆሽ ግን የደረሰኝ ከሞተች በኋላ ነው። ገና አልጨረስኩትም።


የእናማይ ልጅ (እሑድ)

ጋሼ ዋልካ፣ ጥያቄዎን ይዤ አክስቴ ጋር ደወልኩ። አክስቴ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል አወራችኝ። በየመሀሉ «ይኼን ማን አውጣ አለሽ?» ትለኛለች፤ ግን አላቋረጠችም።

ወንዱ አያቴ ሰኔ ላይ ጠመንጃውን ይዞ ወጣ። አያቴ መጀመሪያ ወግ ያለውን መንገድ ሞከረች። ወንድሟ ዘንድ ላከች፤ እሱም ጫካ ነው። የባሏ ዘመድ «ለእኩል አርስልሻለሁ» አላት። ግማሹ ምርት ለእሱ ማለት ነው። «ስድስት አፍ አለብኝ፣ የማንን ግማሽ ልስጥህ?» ብላ መለሰችው። ሐምሌ ተጋመሰ፤ የጤፍ ቀን ደግሞ ሰው እስኪመለስ አይጠብቅም።

አንድ ሌሊት አክስቴን ቀሰቀሰቻት። ቀንበሩን እናትና ልጅ ተጋግዘው አነሡት። ማረሻውን ወንዱ አያቴ አስልቶት ነበር የሄደው። አክስቴ ከፊት ትመራለች፣ አያቴ ከኋላ እርፉን ይዛለች። ጎህ ሳይቀድ ጀምረው፣ ጭስ ከየቤቱ ሲወጣ ፈትተው ይመለሳሉ። በሬዎቹ አንዱ ቡሬ ነው፣ እሱ አላስቸገረም። ዳልቻው ግን የእሷን ድምፅ ሲሰማ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ብትገፋው፣ ብትለምነው እምቢ። ወንዱ አያቴ ሲያርስ የመሳል ልማድ ነበረው፣ የትንባሆ ሳል። አያቴ ይኼ ትዝ አላትና ሳለች። ዳልቻው ሄደ። አክስቴ እንዳለችው ያን ማሳ ከዳር እስከ ዳር በሳል ነው ያረሰችው። በማግሥቱ እውነተኛ ሳል ይዟት ነበር።

በአራተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት አየቻት፤ ለንስሐ አባቷ ተነገረ። አባ መጡና አርባ ስግደት ሰጧት። ማታ አርባውን ሰገደች። ሌሊት ተነሥታ አረሰች። አክስቴ «እማ፣ አባ አልከለከሉሽም?» ስትላት «ዕዳዬን ከፍያለሁ፣ ቀጥ ብለሽ ምሪ» አለቻት። አባ ሁለተኛ አልተናገሩም። ይልቁንም በሳምንቱ ለበሬዎቹ አንድ ሸክም ገለባ ላኩ። በሐምሌ ገለባ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

አንድ ጥማድ ተኩል ነው ያረሰችው። ሌላውን ጥማድ ለእኩል ሰጠች፤ ወገቧ አልቻለም። ወንዱ አያቴ መስከረም ሲመለስ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ አየው። ማን እንዳረሰው አልጠየቀም፣ እሷም አልነገረችውም። በ1966 እስኪሞት ድረስ በመካከላቸው አልተነሣም።


ዋልካ (እሑድ ማታ)

ሳሉን ሰው ሊፈጥረው አይችልም። ጻፊው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገመሳውን ባልየው ሳይሄዱ ስለጨረሱት ነው አያትሽ የቻሉት፤ ዋልካ አፈር መጀመሪያ ሲሰነጠቅ ጎልማሳውንም ያንበረክካል። ይኼን የምለው ላሳንሳቸው አይደለም፤ አንድ ገበሬ አንብቦ «ውሸት ነው» እንዳይልሽ ነው።


ቀጥተኛው (ሰኞ)

ፎቶግራፍ አላት?


የእናማይ ልጅ (ሰኞ)

በጤንነቷ ዘመን የተነሣችው አንድ ብቻ፤ እሱም የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሯ ላይ የተለጠፈው ጉርድ ፎቶ ነው። በ1989ኙ የመሬት ድልድል መሬቱ በራሷ ስም ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ ደብተሩ ሲመጣ ገበያ ውስጥ ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ የሚያነሣ ሰው ዘንድ ሄደች። አትስቅም። ካሜራውን የምታየው ጎተራ እንደምትመረምር አድርጋ ነው።

ከፎቶው ሥር ፊርማ በሚለው ቦታ ላይ ግን የአውራ ጣት አሻራ አለ። በ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በሃምሳ ዓመቷ፣ ስሟን መጻፍ ተምራለች። የምስክር ወረቀቷን መሶቡ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር። «ለምን ጣትሽን አተምሽ?» ብላት «ቀለሙን አቀረቡልኝ፣ ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።


ከሬሆቮት (ሰኞ ሌሊት)

ይኼን ፎቶ አትሚ። ከነአሻራው።


የእናማይ ልጅ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ተነበበ። ዳሱ ሞልቶ ነበር። ታላቁ አጎቴ የእርሻውን አንቀጽ እንዳወጣው ማለዳ ለምኖኝ ነበር፤ «አባታችንን ያሳንሳል» ብሎ። አላወጣሁትም። ሳሉ ጋ ስደርስ ሰው ሳቀ፤ በሙት ዓመት መሳቅ ነውር መሆኑን ረስቶ። አጎቴም አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

አንብቤ ስጨርስ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። በ1960 ከብት የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ። «እኔ አይቻለሁ» አሉ። ዳሱ ጸጥ አለ። «ትልሟ ግን ጠማማ ነበር።»

አክስቴ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። «ጠማማው የእኔ ነው! የመራሁት እኔ ነኝ!»

አልቃሿም ነበሩ። ወረቀቱን ጠይቀውኝ ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩት፣ ፎቶውን በጣታቸው ነኩ፣ አጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱት።

አሁን አንድ የተግባር ጥያቄ አለኝ። ወፍጮውን ከነመጁ ለእኔ ሰጥተውኛል፤ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኜ አዲስ አበባ አስገባሁት፣ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየኝ። ሽሮ ልፈጭበት ብሞክር እህሉ ይንሸራተታል። ፊቱ ለስልሷል። ጋሼ ዋልካ፣ እዚህ ከተማ ወፍጮ የሚወቅር ሰው ይገኛል?


ዋልካ

ሰው አትፈልጊ፣ ራስሽ ውቀሪው። ሾል ያለ ብረት ወይም ከወፍጮው የጠነከረ ድንጋይ ያዢ። እንደ መዶሻ አትምቺው፣ ይሰነጠቃል። ከላይኛው ጫፍ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ነካ ነካ አድርጊው፣ ፊቱ የፈንጣጣ ጠባሳ እስኪመስል። መጁንም እንዲሁ። ዓይንሽን ጠብቂ፣ ፍንጣሪ አለው። ከዚያ በውኃ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ ይዋል።

መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት እንዳትበዪው። አሸዋ አለበት። ለዶሮ ስጪው።